የስልክ ዝማኔ፦ ጥገናው ከየት ይነሣል? የት ይቀራል?

በሻሸመኔና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የድንች፣ የስንዴና የከብት ሽያጭ ሂሳብ በጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚዘጋበት ጊዜ እያለፈ ነው። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ የመዘገባቸው ደንበኞች ከ40 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ኤም-ፔሳም በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ባንኮችም የየራሳቸውን የስልክ መተግበሪያ ይዘው ቀርበዋል። ቀድሞ በመቀነት ተቋጥሮ ወይም በሣጥን ተቆልፎ ይቀመጥ የነበረው ገንዘብ ዛሬ በኪስ ስልክ ላይ ይንቀሳቀሳል።

ገንዘቡ ወደ ስልክ ሲገባ የስልኩ ጤንነትም የባለቤቱ ጉዳይ ይሆናል። ስማርት ስልኮች አልፎ አልፎ «የሥርዓት ዝማኔ አለ» የሚል መልእክት ያሳያሉ። ዳታ ይበላል በሚል ስጋት «በኋላ» የሚለውን ተጭኖ የሚያልፈው ሰው ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ መልእክቱ ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው አዲስ መልክ ወይም ጌጥ ሳይሆን፣ ሌቦች ሊገቡበት የሚችሉትን ቀዳዳ የሚደፍን ጥገና ነው። ይህ ጥገና ከየት እንደሚነሣ፣ በእነማን እጅ እንደሚያልፍና የት ላይ እንደሚቀር ማወቅ ስልክ ሊገዛ ላሰበም ሆነ ስልክ ለያዘ ሰው ይጠቅማል።

ክፍት የተባለው ምንድን ነው?

ስልክም ሆነ ኮምፒውተር ሥራውን የሚያከናውነው ስርዓተ ክወና፣ በተለምዶ አጠራር ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በሚባል ፕሮግራም አማካይነት ነው። ስክሪኑን፣ ካሜራውን፣ ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን የሚያዝዘው እርሱ ነው፤ ቴሌብርም ሆነ ቴሌግራም የሚሠሩት በእርሱ ላይ ተቀምጠው ነው። መሠረቱ የተሰነጠቀ ቤት ግድግዳው ምንም ያህል ቢያምር አያስተማምንም፤ የስልክም ነገር እንዲሁ ነው።

በኢትዮጵያ ገበያ በብዛት የሚታዩት የቴክኖ፣ የአይቴል፣ የኢንፊኒክስና የሳምሰንግ ስማርት ስልኮች የሚሠሩት በአንድሮይድ ነው። የአንድሮይድ እምብርት ደግሞ ሊኑክስ የተባለው ከርነል ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው፣ በወቅቱ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። ቶርቫልድስ የጻፈውን ኮድ ለብቻው አልያዘውም፤ ማንም ሰው እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና መልሶ እንዲያከፋፍለው ለቀቀው። ክፍት ምንጭ ወይም ኦፕን ሶርስ የሚባለው ይህ አሠራር ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በፍጥነታቸው ቀዳሚ የሆኑት 500 ሱፐርኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው።

ክፍት መሆን ስህተት አልባ መሆን ማለት አይደለም። በብዙ ሚሊዮን መስመሮች የሚቆጠር ኮድ ያለ ስህተት ሊጻፍ አይችልም። ልዩነቱ ስህተቱ በተገኘ ጊዜ ማን ሊያየውና ማን ሊያርመው ይችላል የሚለው ላይ ነው። ኮዱ በተዘጋ ስርዓት ውስጥ አራሚው ባለቤቱ ኩባንያ ብቻ ነው። በክፍቱ ስርዓት ግን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሆነ የአንድ ትልቅ ኩባንያ መሐንዲስ ስህተቱን አግኝቶ ማረሚያውን ጽፎ ማቅረብ ይችላል።

እርማቱ በስንት እጅ ያልፋል?

ማንም ማቅረብ ይችላል ማለት ግን የቀረበው ሁሉ ይገባል ማለት አይደለም። ሊኑክስ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው፤ የኔትወርክ ክፍል አለ፣ የፋይል አያያዝ ክፍል አለ፣ የልዩ ልዩ ዕቃዎች መቆጣጠሪያ ክፍል አለ። እያንዳንዱ ክፍል ኃላፊ አለው። እርማት ያዘጋጀ ሰው የትኛው መስመር እንደሚወጣና በምትኩ የትኛው እንደሚገባ አሳይቶ፣ ምክንያቱንም ጽፎ ለክፍሉ ኃላፊ ይልካል። ኃላፊው ያነበዋል፣ ይጠይቃል፣ ካላመነበት ይመልሰዋል፤ ካመነበት ስሙን አስፍሮ ወደ ላይ ያሳልፈዋል። በመጨረሻ ቶርቫልድስ ወደሚመራው ዋናው ስብስብ ይገባል። የጻፈውና ያጸደቀው ሰው ስም፣ ቀኑና ምክንያቱ ከእርማቱ ጋር ተመዝግበው ይኖራሉ፤ ከ10 ዓመት በኋላም ማንም ሰው ሊያነባቸው ይችላል።

አዲስ የሊኑክስ ስሪት በየ9 ወይም በየ10 ሳምንቱ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት አዲስ ሥራ የሚገባባቸው ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹ ሳምንታት ለሙከራና ለእርማት ብቻ የተተዉ ናቸው።

ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም የስልክ ፋብሪካ ግን በየሁለት ወሩ ስርዓቱን ከሥሩ መቀየር አይችልም። ስለዚህ አንዳንድ ስሪቶች ለረጅም ጊዜ እንዲያገለግሉ ተመርጠው ይያዛሉ፤ በእነርሱ ላይ አዲስ ነገር አይጨመርም፣ ስህተት ብቻ ይታረማል። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፦ ማንኛውም እርማት በቅድሚያ ወደ ዋናው ስብስብ ይገባል፤ ወደ ቆየው ስሪት የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። አለበለዚያ በአሮጌው ላይ የተደፈነው ቀዳዳ በአዲሱ ላይ ተመልሶ ይከፈታል። አንድሮይድ የሚገነባው በእነዚህ ለረጅም ጊዜ በሚጠበቁ ስሪቶች ላይ ነው።

ከሙከራ ማሳ እስከ ገበሬው

የአርሲና የባሌ ስንዴ አምራች ይህን መንገድ በሌላ መልኩ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በወረርሽኝ መልክ ሲነሣ በስፋት ይዘራ የነበረው ኩብሳ የተባለው ዝርያ ክፉኛ ተጎዳ። በርካታ አምራቾች ቢጫ ዋግን ይቋቋም ወደነበረው ወደ ዲገሉ ዞሩ። ይሁንና ከ2013 ጀምሮ ዲገሉን የሚያጠቃ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት ተከሠተ። በሽታው መልኩን ስለሚለውጥ አንድ ጊዜ የተገኘ መፍትሔ ለዘለዓለም አያገለግልም፤ ዘሩ መታደስ አለበት። አዲሱ ዘርም ከተመራማሪው እጅ በቀጥታ ወደ ማሳ አይሄድም፤ በልዩ ልዩ ቦታ ይሞከራል፣ ይባዛል፣ ጥራቱ ይረጋገጣል፣ ከዚያ በኋላ ለገበሬው ይቀርባል።

እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን የተባለ የክፍት ምንጭ ፕሮጀክትም በተመሳሳይ መልኩ ይሠራል። ሊኑክስን ከሺዎች ከሚቆጠሩ ሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አሰናድቶ ለኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ያቀርባል። አዲስ የመጣ ፕሮግራም በመጀመሪያ «ያልተረጋጋ» ወደሚባለው ክፍል ይገባል። ለጥቂት ቀናት ከባድ ችግር ካልታየበት «ለሙከራ» ወደሚባለው ይሸጋገራል። በየ2 ዓመቱ ገደማ ደግሞ በሙከራ ላይ ያለው ሁሉ ተጠንቶ «የተረጋጋ» የሚባለው ስሪት ይወጣል። የደህንነት እርማት ግን ይህን ሁሉ ጊዜ አይጠብቅም፤ የፕሮግራሙ ሌላ ጠባይ ሳይነካ ቀዳዳውን ብቻ የሚደፍነው ቁራጭ ወደ ተረጋጋው ስሪት በፍጥነት ይላካል።

የሙከራው ደረጃ ለምን እንደሚያስፈልግ እ.ኤ.አ. በ2024 ታይቷል። ፋይል ለማመቅ የሚያገለግልና በአብዛኞቹ የሊኑክስ ስርዓቶች ውስጥ የሚገኝ ኤክስዜድ የተባለ አነስተኛ ፕሮግራም ነበር። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከ2 ዓመት በላይ በትጋት ሲያግዝ ቆይቶ የፕሮጀክቱን እምነት ካገኘ በኋላ፣ ሰርቨሮችን በድብቅ ለመክፈት የሚያስችል ኮድ አስገባበት። ሴራውን የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። ወደ ኮምፒውተር ለመግባት የሚወስደው ጊዜ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አጠራጥሮት ሲመረምር አገኘውና በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. ይፋ አደረገው። የተመረዘው ስሪት በዚያን ጊዜ የደረሰው የዴቢያን የሙከራ ክፍሎችን ነበር፤ ወደ ተረጋጋው አልገባም። ክፍትነቱ ለተንኮለኛው በር ከፍቶለት ነበር፤ ያጋለጠውም ያው ኮዱን ማንም ሊመረምረው መቻሉ ነው። ጉዳቱን የገደበው ደግሞ ደረጃ በደረጃ የመልቀቅ ልማድ ነው።

ማኅተም ያለው ከረጢት

የታረመው ፕሮግራም ለተጠቃሚው የሚደርሰው ከአንድ ማዕከል ብቻ አይደለም። በየአገሩ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችና ድርጅቶች ቅጂውን በሰርቨራቸው አስቀምጠው ያድላሉ። ታዲያ በመሐል አንዱ ቢበርዘው በምን ይታወቃል? መልሱ ዲጂታል ፊርማ ነው። ፕሮጀክቱ በሚያወጣው ላይ ለሌላ ሰው ሊመሳሰል የማይችል ማኅተም ያሳርፋል። ተቀባዩ ኮምፒውተር ከመጫኑ በፊት ማኅተሙን ያረጋግጣል፤ በይዘቱ ላይ አንዲት ፊደል ብትለወጥ እንኳ ማኅተሙ አይገጥምምና አይቀበለውም። ስለዚህ ወሳኙ ነገር ዕቃው በየት በኩል መጣ የሚለው ሳይሆን ማኅተሙ ይገጥማል ወይ የሚለው ነው።

የስልክ ዝማኔም በዚህ መንገድ ተረጋግጦ ነው የሚጫነው። በቅርብ ዓመታት በተሠሩ ብዙ ስልኮች ላይ ደግሞ አዲሱ ስርዓት የሚጻፈው ስልኩ እየሠራበት ካለው ክፍል ውጭ ነው፤ በመጫን ላይ ችግር ቢፈጠር ስልኩ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በአንጻሩ በቴሌግራም የተላከ ወይም ከሰው ስልክ በዜንደር የተወሰደ መተግበሪያ የመደብሩን ፍተሻ ሳያልፍ ይገባል። ምንጩ ባልታወቀ ፋይል «ፍላሽ» የተደረገ ስልክም ከውስጡ ምን እንደተጫነበት ባለቤቱ ሊያውቅ አይችልም።

መንገዱ የሚረዝመው የት ነው?

እስካሁን የታየው መንገድ ፈጣን ነው። ችግሩ የሚጀምረው ጥገናው ከአንድሮይድ ባለቤት ከጉግል ወጥቶ ወደ ስልኩ ሲጓዝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ስቴጅፍራይት የተባለ ክፍተት በአንድሮይድ ላይ ተገኘ። በመልእክት የተላከ አንድ የቪዲዮ ፋይል ስልኩን ለአጥቂ ሊከፍት ይችል ነበር። ክፍተቱን ያገኙት ባለሙያዎች ለአደጋ የተጋለጡትን ስልኮች እስከ 950 ሚሊዮን ገምተዋቸው ነበር። ከዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ጀምሮ ጉግል የደህንነት ማስተካከያዎችን በየወሩ ማውጣት ጀመረ። ዝርዝሩ ለሕዝብ ይፋ ከመሆኑ ቢያንስ ከአንድ ወር አስቀድሞ ለስልክ አምራቾች እንዲደርስም ያደርጋል።

ነገር ግን እያንዳንዱ አምራች አንድሮይድን ለራሱ ስልክ አስማምቶ ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ ጥገናው መጀመሪያ እንደ ሚዲያቴክ፣ ዩኒሶክና ኳልኮም ባሉ የቺፕ አምራቾች፣ ቀጥሎም በስልክ አምራቹ እጅ ያልፋል። አምራቹ ለእያንዳንዱ ሞዴል ለብቻው አዘጋጅቶና ሞክሮ መላክ አለበት። ይህ ወጪ አለው። በውድ ዋጋ የሚሸጡ ስልኮች ወጪውን ይሸፍናሉ፤ ጉግል ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ለጋላክሲ ኤስ24 ለ7 ዓመታት ዝማኔ እንደሚሰጡ ቃል ገብተዋል። በርካሽ የሚሸጡ ሞዴሎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ድጋፍ አጭር ነው፤ አንዳንዶቹም በጣት የሚቆጠሩ ዝማኔዎችን አግኝተው ይረሳሉ። የአውሮፓ ኅብረት ይህን አይቶ፣ ከሰኔ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያው የሚቀርቡ ስልኮች ሽያጫቸው ከቆመ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመታት ዝማኔ እንዲያገኙ የሚያስገድድ ደንብ ሥራ ላይ አውሏል።

እዚህ ላይ የክፍት አሠራር ሌላ ገጽታ ይመጣል። ጥገናው ይፋ በወጣበት ቀን ቀዳዳው የት እንደነበረም አብሮ ይታወቃል። ሐኪም የሚያነበውን ወረቀት ሌባም ያነበዋል። ስለዚህ ያልታደሰ ስልክ ጥገናው ከመውጣቱ በፊት ከነበረበት ይልቅ ከወጣ በኋላ ለአደጋ የበለጠ ይጋለጣል። «በኋላ» የሚለው ቁልፍ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

ኔትወርክ በሌለበትስ?

ዝማኔ ሁልጊዜ በፈጣን ኢንተርኔት ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚወጣውና በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ የተጀመረው ኡቡንቱ የተባለ የሊኑክስ ስሪት፣ እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀው ሰው ሁሉ ሲዲውን በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር።

በኦሮሚያም የሚጠቀስ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተሰኘው ፕሮጀክት ከአዳማ በስተምሥራቅ በምትገኘው በወለንጪቲና በደቡብ ምዕራብ ሸዋ በወንጪ፣ ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት በአንድሮይድ የሚሠሩ የሞቶሮላ ታብሌቶችን ሰጥቶ ነበር። ታብሌቶቹ በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ይደረጉ ነበር። ሕፃናቱ እንዴት እንደተጠቀሙባቸው የሚያሳየው መረጃ የሚሰበሰበው፣ አንድ ባለሙያ በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ መንደሮቹ ሄዶ የሚሞሪ ካርዶቹን እየቀየረ ነበር። የፕሮጀክቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደገለጸው፣ ሕፃናቱ በ5 ወራት ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ በራሳቸው ከፍተው መጠቀም ጀምረዋል።

ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ትምህርት ቤት ወይም ቢሮም ሊኑክስ ያላቸውን ኮምፒውተሮች በተመሳሳይ ዘዴ ማደስ ይቻላል። አንድ ኮምፒውተር ዝማኔውን ያወርዳል፤ ሌሎቹ ከእርሱ ይቀበላሉ፣ ወይም በፍላሽ ዲስክ ይወሰድላቸዋል። ማኅተሙ ስለሚረጋገጥ በፍላሽ መምጣቱ በራሱ ስጋት አይሆንም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ ለአሮጌ ኮምፒውተሮች እንዲህ ያለው አማራጭ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ለረጅም ጊዜ እንዲያገለግሉ የተዘጋጁት የኡቡንቱ ስሪቶች በየ2 ዓመቱ የሚወጡ ሲሆን፣ ለ5 ዓመታት የደህንነት እርማት ያገኛሉ፤ የፈቃድ ክፍያም የለባቸውም።

ባለቤቱ ምን ማየት አለበት?

በአንድሮይድ ስልክ «ቅንብሮች» ውስጥ «ስለ ስልክ» የሚለው ሲከፈት፣ በአንድሮይድ ስሪት ሥር የደህንነት ዝማኔው ቀን ይገኛል። ይህ ቀን ስልኩ እስከ የትኛው ወር የወጡትን ጥገናዎች እንደያዘ ይናገራል። ቀኑ ከአንድ ዓመት በላይ ወደ ኋላ የቀረ ከሆነና ስልኩ ሲጠየቅም አዲስ ዝማኔ የለም ካለ፣ አምራቹ ያን ሞዴል ሳይተወው አልቀረም። ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ከካሜራውና ከባትሪው እኩል ይህን ቀን ማየት ይገባዋል። አዲስ ስልክ የሚገዛም ሻጩን ለስንት ዓመት ዝማኔ እንደሚያገኝ መጠየቅ ይችላል።

ዝማኔው ብዙ ዳታ ሊወስድ ስለሚችል ዋይፋይ ባለበት ቦታ ወይም ቅናሽ ባለው የሌሊት ጥቅል ማውረድ ወጪ ይቀንሳል። ከመጫኑ በፊት ባትሪው በቂ ኃይል መያዙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እውነተኛ የሥርዓት ዝማኔ የሚገኘው ከስልኩ ቅንብሮች ውስጥ ነው፤ «ስልክዎን ለማደስ ይህን ይጫኑ» የሚል ሊንክ በአጭር መልእክት ወይም በቴሌግራም ከመጣ ማጭበርበሪያ ነው ብሎ መተው ይሻላል።

ድጋፉ ያበቃ ስልክ የያዘና ሌላ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰውም መላ አያጣም። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ፣ ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ፣ የተወሰኑ የስርዓቱን ክፍሎች አምራቹን ሳይጠብቅ በፕሌይ ስቶር በኩል ማደስ ጀምሯል። ስለዚህ ፕሌይ ስቶርን ክፍት ማድረግና መተግበሪያዎችን ከዚያ ብቻ ማደስ ከፊሉን ክፍተት ይሸፍናል። ገንዘብ የሚንቀሳቀስበትን ሲም በባለ ቁልፍ ስልክ አድርጎ *127# በመደወል በቴሌብር መጠቀምም አንድ አማራጭ ነው፤ በባለ ቁልፍ ስልክ ላይ የማጭበርበሪያ መተግበሪያ የመጫን ዕድሉ አነስተኛ ነውና። የሚስጥር ቁጥርን ለማንም አለመንገር ግን በየትኛውም ስልክ ላይ የማይቀር ጥንቃቄ ነው፤ ባለቤቱ በገዛ እጁ የሰጠውን ቁጥር የትኛውም ዝማኔ ሊያስመልስ አይችልም።